እግሬን ብስት ምን ያቆመኛል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ድንጋያማ ተራራ ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የጻፈው ሰው ተራራ እንደሚወድ ያስታውቃል፤ እኔም እወዳለሁና ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። መሐል ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። የመንገዱ ርዝመት ተጽፏል፣ ከፍታው ተጽፏል፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ተጽፏል። ጫፉ አካባቢ ያለው፣ ግራና ቀኙ ገደል የሆነው ቀጭን ተረተር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል፤ ትንሽ ድፍረት ያለው ሰው ሁሉ ይወጣዋል በሚል መንፈስ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና የቅርብ ጓደኛዬ ልክ እንደዚህ ያለ ጽሑፍ አንብበን ወደ አንድ ድንጋያማ ተራራ ሄድን። ሁለታችንም ጤነኞች ነን፣ እንሮጣለን፣ ረጅም መንገድ አይከብደንም። ያነበብነው ጽሑፍ መንገዱ «አስቸጋሪ ነው» ይል ነበር። እኛ ደግሞ አስቸጋሪ ማለት አቀበቱ ይበዛል፣ ላብ ያጠምቃል፣ በማግስቱ እግር ያማል ማለት መስሎን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት እንዳሰብነው ሆኑ። ዳገት፣ ኮረት፣ ከዚያ ትልልቅ ቋጥኝ። ኮረቱ ላይ ሁለት እርምጃ ወደፊት አንድ እርምጃ ወደኋላ እየተንሸራተትን፣ ቋጥኙን በእጅም በእግርም እየቧጠጥን፣ እየተሳሳቅን ወጣን። አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አርፈን ውሃ ጠጣን። ከዚያ ድንጋይ በኋላ መንገዱ ጠበበ።

ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ያንሳል። ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እግር የሚያርፍበት ሞልቷል። ያንኑ መንገድ ሜዳ ላይ ቢዘረጉልኝ እየሮጥኩ አልፈው ነበር። በግራ በኩል ግን መሬቱ አለቀ። ታች ያሉት ዛፎች ቁጥቋጦ መስለው ይታያሉ። ጓደኛዬ ፊት ፊት እየሄደች ነበር። አሥር እርምጃ ያህል ሄደች፣ ቆመች፣ ከዚያ ቁጭ አለች። ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ «እግሬ አልታዘዘኝም» አለችኝ። አልጮኸችም። በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ድምጿን ከፍ ብታደርግ የምትወድቅ ይመስል።

እኔ ያኔ ያደረግኩት ስህተት ነበር። «አይዞሽ፣ ምንም የለም፣ ወደ ታች ብቻ አትይ» አልኳት። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን አስቡት፤ እግሯን የምታሳርፍበት ድንጋይ ያለው ታች ነው። ወደ ታች ሳታይ የት ትረግጣለች? ደግሞስ «ምንም የለም» ማለት ምን ማለት ነው? ገደሉ አለ። እሷ ያየችውን እኔም አይቻለሁ። ፍርሃቷ ትክክለኛውን ነገር እየነገራት ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱን ዝም ለማሰኘት እታገል ነበር።

በኋላ ስለ ነገሩ ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ሰው ሲቆም ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነገር ነው፤ በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው፣ በእግሩና በመገጣጠሚያዎቹ በሚሰማው ስሜት። ዝም ብለን የቆምን ሲመስለን እንኳ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንወዛወዛለን፣ ዓይን አጠገቡ ያለውን ነገር እያየ ያንን ውዝዋዜ ያርመዋል። ገደል አፋፍ ላይ ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር ሩቅ ነው። ሩቅ ያለ ነገር ደግሞ ትንሿን ውዝዋዜ አያሳይም፤ ስለዚህ ሰውነት ሳይታረም ይበልጥ ይወዛወዛል፣ ራስም ያዞራል። ይህ በጀግናውም በፈሪውም ላይ የሚደርስ ነው፣ የወኔ ጉዳይ አይደለም። የሚረዳው ዓይንን ወደ ቅርብ ነገር መመለስ ነው፤ ፊት ለፊት ወዳለው ድንጋይ፣ ወደ ራስ ጫማ፣ ወደ ቀጣዩ መርገጫ። ዝቅ ማለትም ይረዳል። ጓደኛዬ ማንም ሳይነግራት ትክክለኛውን ነገር አድርጋ ነበር። ቁጭ አለች፣ ድንጋዩን ያዘች።

እኛን ያሳሳተን «አስቸጋሪ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አንደኛው መንገዱ ምን ያህል ጉልበትና ችሎታ ይጠይቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እግሬን ብስት ምን ያቆመኛል የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። በጣም አድካሚ ሆኖ ብትወድቅ ጉልበትህ ብቻ ተልጦ የምትነሳበት መንገድ አለ። ሕፃን የሚራመድበት ያህል ቀላል ሆኖ አንድ ስህተት የመጨረሻ የሚሆንበትም አለ።

በብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ ክሪብ ጎኽ የሚባል ተረተር አለ። ከፍታው 923 ሜትር ብቻ ነው፣ በዓለም ተራሮች መሐል ስሙን ማንም አይጠራውም። በብሪታንያ በእጅና በእግር የሚቧጠጡ መንገዶች ከ1 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ ክሪብ ጎኽ ደግሞ 1 ነው፤ ማለትም ከቀላሎቹ ጎራ። ቢሆንም ሰው ሞቶበታል፣ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቀላል ነው ብሎ ይሄዳል። ተረተሩ ላይ ሲቆም ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ይህን ልዩነት በደረጃ አሰጣጣቸው ውስጥ ለማስገባት የሞከሩ አሉ። ስዊዞች የተራራ መንገዶቻቸውን ከቲ1 እስከ ቲ6 ይከፍላሉ። ቲ1 በደንብ የተበጀ፣ ማንም በተራ ጫማ የሚሄድበት ነው። ቲ3 ላይ ገደላማ ቦታዎች ሰንሰለት ወይም ገመድ ተደርጎላቸው ሊገኙ ይችላሉ። ቲ4 ላይ ሲደረስ አንዳንድ ቦታ ያለ እጅ ወደፊት መሄድ አይቻልም። አሜሪካኖች ደግሞ ከ1 እስከ 5 የሚሄድ መመዘኛ አላቸው፤ 4ኛው ላይ አወጣጡ ገና ቀላል ሊሆን ይችላል፣ መውደቁ ግን ሊገድል ይችላል፣ ብዙ ሰው ገመድ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ ያልተሰጠው መንገድ ብዙ ነው። ቢያንስ ግን ስለ መንገዱ የሚጽፍ ሰው በቃላት ሊናገረው ይችላል።

ሰንሰለትና ገመድ ካነሳሁ አይቀር፣ እነሱም ሰውን ያዘናጋሉ። በአሜሪካ ዛየን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኤንጅልስ ላንዲንግ የሚባለው ቀጭን ተረተር ሰንሰለት አለው፤ የሚሄድበት ሰው በጣም ስለበዛ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይወጣም። እዚያው አሜሪካ፣ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሃፍ ዶም የሚባለው ትልቅ አለት ላይ የመጨረሻው 120 ሜትር ገደማ የሚወጣው ሁለት የብረት ገመድ እየያዙ ነው። ገመዶቹ መጀመሪያ የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፣ እዚያም ፈቃድ ግድ ነው። ግን ገመዱ የሚጠቅመው እጅ እስከያዘው ድረስ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያ ለስላሳ የግራናይት ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው ደግሞ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ። እኛም ተረተሩ ላይ ሳለን ከኋላችን ሌሎች ደረሱ። አንደኛው በትንፋሹ ችኮላው ይሰማ ነበር። ጓደኛዬን ከሁሉም በላይ ያስጨነቃት እሱ ነው፣ ከገደሉ ይልቅ መንገድ መዝጋቷ። ገደል ዳር ማንም ማንንም ማጣደፍ የለበትም፤ መጠበቅ ያቃተው ሰው ሰፊ ቦታ ላይ ሆኖ ይጠብቅ።

እንዴት እንደተመለስን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልነካው ነገር ይህ ነው፤ ቁልቁለቱ። ከኋላችን የመጡትን ሰዎች ወደ ሰፊው ድንጋይ እንዲመለሱ ለመንናቸው፣ ተመለሱልን። እኔ ከጓደኛዬ ይልቅ ለደህናው ቦታ ቅርብ ነበርኩ። «ወደፊት አንሄድም፣ ወሰንን፣ አለቀ» አልኳት። ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ፣ አየሁት። ቁጭ እንዳለች ዞረች። ከዚያ እኔ አንድ እርምጃ ቀድሜ መርገጫውን እየጠቆምኩ፣ እሷ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች መጣን። አሥር እርምጃ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ሲሄዱ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም፣ ሲመለሱም የለም ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከጠፍጣፋው ድንጋይ በታች ሦስት ሜትር የምትሆን ቀጥ ያለች ቋጥኝ ነበረች፣ ስንወጣ እየሳቅን የቧጠጥናት። ከላይ ሆኜ ሳያት ሌላ ቋጥኝ መሰለችኝ። መርገጫዎቹ የሉም። ሲወጡ እጅና ዓይን መያዣውን ቀድመው ያገኙታል፣ እግር ተከትሎ ያርፋል። ሲወርዱ እግር ቀድሞ ባዶ ነገር ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ደግሞ በገዛ ሆድና ጉልበት ተጋርዶ መርገጫውን አያየውም። በዚያ ላይ የጭን ጡንቻ ቁልቁለት ላይ እየተለጠጠ ነው ክብደት የሚሸከመው፣ እንደ ፍሬን ማለት ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ጉልበት ቄጤማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሐሳብም ደክሟል። ያሰቡት ጫፍ ላይ የደረሱ ሰዎች ደግሞ ጉዞው ያለቀ ስለሚመስላቸው ይዘናጋሉ፣ ገና ግማሹ እንደቀረ ይረሱታል።

ያቺን ቋጥኝ ፊታችንን ወደ አለቱ አዙረን ወረድናት። መጀመሪያ እኔ ወረድኩ፣ ታች ሰፊ ቦታ ስለነበር ዞር ብዬ ቆሜ የእሷን እግር በቃል መራሁ። «ቀኙን ትንሽ ወደ ግራ። ዝቅ። አሁን አሳርፊው።» አንድ ነገር ብቻ ነበር የማውቀው፤ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም አለቱን መያዝ አለባቸው፣ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ሌላውን ከዚያ ወዲህ ነው የተማርኩት። ሰው ሲፈራ በደረቱ አለቱ ላይ ይለጠፋል፣ ይህ ደግሞ እግርን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቀና ብሎ ክብደቱን በእግሩ ላይ ሲጥል ነው ጫማው አለቱን ቆንጥጦ የሚይዘው። የሚያዙትን ድንጋይ ከመያዝ በፊት መታ መታ ማድረግ ነው፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከተነቃነቀ መተው። ወደ ራስ ከመሳብ ወደ ታች መጫን ይሻላል። የመራመጃ ዱላ ተጣጥፎ ሻንጣ ላይ ይታሰር፣ እጅ ነፃ ይሁን። ሰው ከላይ ካለ ከሥሩ አለመቆም፣ ድንጋይ ካመለጠ ደግሞ ሳያፍሩ «ድንጋይ!» ብሎ መጮኽ። ናዳ ባለበት ቦታ ሄልሜት የሚያደርግን ሰው የሚያዩበት ዓይን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የተራራ ጉዞ ሰዓት የሚያሰላው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ቀመር ነው፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጭማሪ። ጥሩ ቀመር ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የተሠራው እግር ለሚራመድበት መንገድ ነው። ገደላማ ተረተር ላይ 200 ሜትር ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ከፊት ሰው ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። እናንተ «አምስት ሰዓት» ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው በአምስት ሰዓት ልክ ውሃ ይይዛል፣ በአምስት ሰዓት ልክ ዘግይቶ ይነሳል፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲሰበሰብ ተረተሩ ላይ ይገኛል። ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መብረቁ ከታየ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ማዕበሉ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ሜዳ ላይ ቢሆን ሮጦ መጠለል ይቻላል። ገደል ዳር ግን መሮጥ የሚባል ነገር የለም። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፣ የደነዘዘ ጣት ድንጋይ አይጨብጥም።

እኔ ሰው ተራራ አይውጣ አላልኩም። እንደዚያ አድርጋችሁ እንዳታነቡኝ እለምናችኋለሁ። ገደላማ ተረተር ላይ በእርጋታ፣ በሚገባ ተዘጋጅቶ የሚሄድ ሰው የሚያገኘውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሌሎች ተረተሮችን አልፌያለሁ፣ ሐሳብ ሁሉ ጠፍቶ እጅና ድንጋይ ብቻ የሚቀሩበትን ዝምታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ለዚያ ግን ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቆ መሄድ አለበት። «ድፍረት ይበቃል» ማለት ምንም አይነግረውም። እንዲያውም ይጎዳዋል፤ መመለስ ሲፈልግ ፈሪ የሆነ ይመስለዋል። እኛ ራሳችን ጓደኛዬ ከመቀመጧ በፊት ለመመለስ አስበን ነበር፣ ሁለታችንም። አንዳችን ለሌላችን መናገር አፍረን ነው ወደ ተረተሩ የገባነው። ያቺ ኀፍረት ልትገድለን ትችል ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ስለ ተራራ መንገድ ስታወጡ ጸሐፊያችሁን ጠይቁት። ገደል ዳር የሚሄደው ክፍል ስንት ሜትር ነው? የት ይጀምራል? እዚያ ሰው እግሩን ቢስት ምን ያቆመዋል፣ ሣር ነው፣ ሌላ እርከን ነው፣ ወይስ ምንም? ዙሪያ ጥምጥም የሚወስድ ሌላ መንገድ አለ? በመጡበት መውረድ ይቻላል ወይስ ሌላ ቁልቁለት አለ? ሲዘንብስ ድንጋዩ ምን ይሆናል? እነዚህ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚወስዱት። ከተቻለም ጫፍ ከደረሰው ሰው ሌላ፣ ከመንገድ የተመለሰውንም አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ መንገዱን ከሁሉም በላይ በደንብ የሚያስታውሰው እሱ ነው። አንድ እግሩን አንስቶ አፋፉ ላይ የቆመውን ልጅ ፎቶም በፊት ገጽ ባታወጡት ደስ ይለኛል፤ ያንን አይቶ የሚሞክር ልጅ አይጠፋም።

ጓደኛዬ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። ስለ እሷ የጻፍኩትን ሁሉ እንዳለ ተወው ብላ አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር ጠየቀችኝ። ተረተሩ ከመጀመሩ በፊት ያረፍንበት ያ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስንመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን ነበር። ሸለቆው በሙሉ ከዚያ ይታያል፣ ነፋሱም አይደርስም። ያነበብነው ጽሑፍ ስለዚያ ድንጋይ አንድ ቃል አልጻፈም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ